ባል ያላገባች ሴት ስፍራዋ የት ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተሰማ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ብዙ ሰው ሲስቅበት ሰምቻለሁ። «ሌላ ነገር ጠፍቶ ነው ስለ ቆሞ ቀር የምትናገሪው?» ያለኝ ወንድምም አለ። እኔ ግን በዚህ ሳቅ አልተቀየምሁም። እንዲያውም ሳቁ ራሱ ለንግግሬ ጥሩ መነሻ ሆኖልኛል። ለምን እንደምንስቅ እንመርምር፤ የአንድ አገር ሰው በምን እንደሚስቅ የተረዳ፣ ያ ሰው ምን እንደሚፈራ ይረዳልና።

በመጀመሪያ ቃላችንን እንመልከት። ያላገባ ወንድ «ወንደላጤ» ይባላል። ቃሉ ሲነገር ፈገግታ አለበት፤ ወንደላጤ ማለት ምሳውን በዳቦ የሚያሳልፍ፣ ልብሱን የሚያጥብለት የሌለው፣ ቢሆንም ነጻ የሆነ ሰው ማለት ነው። ያላገባች ሴት ግን «ቆሞ ቀር» ትባላለች። ሌላው ሄዶ እርስዋ ብቻ ቆማ እንደ ቀረች፣ ገበያ ወጥቶ ገዢ አጥቶ እንደ ተመለሰ ዕቃ መሆንዋ ነው። በቅርብ ጊዜ «ሴተላጤ» የሚል ቃል በከተማ ተፈጥሮአል፤ ነገር ግን ይህ ቃል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዳገት ገና አልወጣም።

እኔ የጣርማ በር ልጅ ነኝ። አገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ደጋውን ሲጨርስ ገደሉ አፋፍ ላይ ይደርሳል። በዚያ በጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለ ዋሻ አለ፤ መኪናው በአንድ በኩል በጉም ውስጥ ይገባና በሌላው በኩል ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ በግና ብርድ ነው፤ ከታች ሙቀትና ገበያ ነው። መንገዱ ብዙ ሰው ያሳልፋል፤ አሳብ ግን እንደ መኪናው ቶሎ አያልፍም።

በዚህ አገር ሴት ልጅ ማግባትዋ እንደ መስከረም መጥባት ነው። መች እንደሆነ ይጠየቅ ይሆናል እንጂ ይሆናል ወይስ አይሆንም ተብሎ አይጠየቅም። በ2016 እ.ኤ.አ. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች እኩሌታዎቹ 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው አግብተዋል። የወንዶቹ እኩሌታ ግን ወደ 24 ዓመት እስኪጠጋ ድረስ አላገባም። ሕጉ በአንጻሩ ብዙ ተራምዶአል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርገውታል፤ የሁለቱም ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛሉ። ሕጉ በጋዜጣ ወጥቶአል፤ ሽማግሌ ግን ዛሬም የሚላከው ወደ አባት ቤት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። በአገራችን አግብታ የፈታች ሴት ከናካቴው ካላገባች ሴት ትከበራለች። «ፈት» ብትባልም ወግዋን አድርሳለችና፣ ሁለተኛ ብታገባም ባታገባም ነገርዋ የራስዋ ነው። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ታግባና ከፈለገች ትፍታው» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ይህን አባባል ደጋግሜ ሳስበው፣ ወላጅ የፈለገው የልጁን ትዳር ሳይሆን የጎረቤትን አፍ መዝጊያ መሆኑ ታየኝ። ልጅቱ ለጎረቤት አፍ መዝጊያ ሁለት ዓመት ትከፍላለች፤ ትምህርትዋንም ጨምራ ትከፍላለች።

እንግዲህ ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቀረች ሴት እንዴት ትኖራለች? ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አላስቸግራችሁም ነበር፤ የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ ነው የማነሣው። መሬት አላት እንበል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሴት በመሬት ከወንድ እኩል መብት እንዳላት ደንግጎአል፤ በክልላችንም የመሬት ይዞታ ደብተር በሴት ስም ይሰጣል። ደብተሩ በሣጥንዋ ውስጥ ተቀምጦአል። ነገር ግን በባህላችን ሴት ዕርፍ አትጨብጥም። ጥማድ በሬ ቢኖራትም የሚያርስላት ወንድ ትፈልጋለች። ወንፈል እንዳትገባ፣ ወንፈል ጉልበትን በጉልበት መመለስ ነውና፣ የምትመልሰው የወንድ ጉልበት የላትም። ስለዚህ መሬትዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቱም ግማሹ ይሄዳል። ያገባችው ጎረቤትዋ ከዚያው ስፋት መሬት ሙሉውን ስታስገባ፣ እርስዋ ግማሹን ታስገባለች። ድኻ ስትሆን ደግሞ «ባል አጥታ ደኸየች» ይባላል። ያደኸያት ባል ማጣትዋ ሳይሆን ዕርፉን መከልከልዋ መሆኑን የሚናገር የለም።

ሌላም አለ። በዓል ሲመጣ ዶሮ ገዝታ፣ ሽንኩርት ከትፋ፣ ድስት ጥዳ፣ ዶሮዋን ለማረድ ግን የጎረቤት ወንድ ልጅ ትጠራለች። ልጁ የ12 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። እርስዋ የ50 ዓመት ሴት ናት። ቢላዋውን የምታቀብለው እርስዋ፣ የሚያርደው እርሱ ነው። በዕድር መዝገብም ቤት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በአባወራ ስም ነው፤ አባወራ የሌለበት ቤት በወንድም ወይም በአጎት ጥላ ሥር ይጠጋል። ገጠሩ ያስመረራት ሴት ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ወርዳ ጠላ ትጠምቃለች፣ አረቄ ታወጣለች። በዚያ ደግሞ ሌላ ስም ይጠብቃታል፤ እርሱን በዚህ አዳራሽ መናገር አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በአገሬ ሳታገባ የሸመገለች አንዲት ሴት አውቃለሁ። ስምዋን አልናገርም። በግ ታረባለች፤ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ በብርድ ጊዜ የወንድ ካፖርት ደርባ፣ ዱላ ይዛ፣ በጎችዋን ራስዋ እየነዳች ገበያ ትወርዳለች፤ ዋጋም ከነጋዴ ጋር ራስዋ ትከራከራለች። ልጆች «እብድዋ መጣች» ይላሉ። እኔም ልጅ ሳለሁ ከዱላዋ እሸሽ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ለምን ሳያገቡ ቀሩ? የጠየቀዎት አልነበረም?» አልኋት። ፈትልዋን ሳታቆም፣ «አባቴን የጠየቁት አራት ነበሩ፤ እኔን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም» አለችኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኔ በትምህርት ቤት ስለ ሴቶች መብት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል አጭርና ይህን ያህል ሙሉ የሆነ ነገር ግን አልሰማሁም። ሰዉ እብድ ያላት ሴት የጠየቀችው፣ የክልላችን ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጻፈውን ነው።

አሁን «በባህላችን ሳያገቡ በክብር መኖሪያ መንገድ አለ» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ አለ። እርሱም ቆብ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሴት ከባል ቤት ሌላ የከፈተችው ትልቅ በር ምንኵስና ነው። በዚህ በር የገቡ ታላላቅ ሴቶችን የእኛው ሸዋ አፍርቶአል። ከቡልጋ የተነሡት እናታችን ክርስቶስ ሠምራ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ትዳርና ልጆች ነበሩአቸው፤ ሁሉን ትተው ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ከዚያም ወደ ጣና ሄዱ። ነገር ግን አስተውሉ፤ ይህ በር አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ላገባችና ለወለደች፣ ወይም ባልዋ ለሞተባት ሴት ነው። ወጣት ሴት ቆብ ልድፋ ብትል ቤተ ሰብዋ ያለቅሳል፤ ሰዉም «ምን ነክቶአት ነው?» ይላል።

በዚህ በር በወጣትነታቸው የገቡትን፣ በዘመናችንም ዓለም ያወቃቸውን አንዲት ሴት ታሪክ ላቅርብላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ግሸን ማርያም የሚሄድ መንገደኛ የደሴን መንገድ ይዞ በጣርማ በር ያልፋል፤ በየዓመቱ ለመስከረም 21 ንግሥ የሚሄደውን ምእመን በዋሻው አፍ ቆመን እናያለን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በወጣትነታቸው የተሰደዱት ወደዚያችው ግሸን ነበር።

እማሆይ በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር የተማሩ የታወቁ ሰው ነበሩ። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ተላኩ፤ በዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። እኅታቸው ስንዱ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ በ1957 እ.ኤ.አ. በተደረገውም ምርጫ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነዋል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ቤተ ሰቡ ተግዞ በአሲናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በናፖሊ አጠገብ ታሰረ። ከነጻነት በኋላ የውብዳር ወደ ካይሮ ሄደው ከአንድ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን ሊቅ ዘንድ ሙዚቃ አጠኑ፤ ተመልሰውም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠሩ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ሕይወታቸውን ለወጠው። በለንደን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመማር ዕድል አገኙ፤ መሄድ ግን አልተፈቀደላቸውም። ከኀዘን ብዛት እህል መቅመስ አቁመው 12 ቀን እንደ ቆዩ፣ ለሞትም እንደ ተቃረቡ ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚህ ሕመም ሲነሡ የፈለጉት ሙዚቃን ሳይሆን እግዚአብሔርን ነበር። በድብቅ ወደ ግሸን ሄዱ፤ በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ ጽጌ ማርያም ተባሉ። በዚያ ተራራ ላይ 10 ዓመት ያህል በጭቃ ቤት፣ ያለ ጫማ ኖሩ። በስዊስና በካይሮ የሠለጠነ እጅ በዚያ ሁሉ ዘመን የሚነካው ፒያኖ አልነበረውም።

በኋላ ጤናቸው ታውኮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ወደ ሙዚቃቸውም ተመለሱ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በየደጁ እየለመኑ በየበረንዳው የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ያላቸውን ሙዚቃ ለመስጠት ቆረጡ። በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች ሆነ። በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ተቀመጡ። በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ የፈረንሳይ ማሳተሚያ ሥራቸውን ሰብስቦ ሲያወጣው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በዚያው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በዚያን ሳምንት የእኛም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሙዚቃቸውን አሰማ፤ ሁላችንም ኮራን።

እማሆይ ከትዳር ለመሸሽ መነኮሱ ማለቴ አይደለም። ምክንያታቸው እምነታቸው ነበር፤ እርሱን መጠራጠር ነውር ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ እኛ ነው። ያችው ሴት፣ ያው እጅ፣ ያው ሙዚቃ፣ ነገር ግን ቆቡ ባይኖር ኖሮ ምን እንላቸው ነበር? ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ፣ ብቻቸውን ፒያኖ ሲመቱ የሚኖሩ የከንቲባ ልጅ ቢሆኑ ኖሮ «ትምህርት ያበላሻት ቆሞ ቀር» ከማለት የሚመለስ ስንት ሰው ነበር? ቆቡ ጋሻ ሆናቸው። ታዲያ ቆብ የመድፋት ጥሪ የሌላት፣ ባልም የማትፈልግ ሴት ጋሻዋ ምንድን ነው? በጣርማ በር የምታውቀው ካፖርትዋንና ዱላዋን ብቻ ነው።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የሩቅ አገር ላሳያችሁ። በፈረንሳይ አገር 25 ዓመት የሞላት ያላገባች ልጅ፣ ኅዳር ላይ በሚውለው በቅድስት ካትሪን ቀን ልዩ ቆብ ታደርግ ነበር፤ ጓደኞችዋም ያጅቡአታል፣ ይስቁባታልም። እኛ «ቆሞ ቀር» ስንል እነርሱ «አሮጊት ልጃገረድ» ይላሉ። ታላቁ ደራሲ ባልዛክ በ1836 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም አንድ ልብ ወለድ አውጥቶአል። ታሪኩ በአላንሶን በምትባል ትንሽ የክፍለ ሀገር ከተማ ስለምትኖር ሀብታም ያላገባች ሴት ነው፤ ከተማው በሙሉ ማንን ታገባ ይሆን እያለ ይቆጥራል፤ የሚፈልጉአት ወንዶች ዓይን ግን በቤትዋና በገንዘብዋ ላይ ነው። መጽሐፉን ያነበበ የእኛ ሰው አላንሶንን ደብረ ሲና ብሎ ቢጠራት አይሳሳትም።

በዚያው አገር ግን ሮዛ ቦነር የምትባል ሠዓሊ ነበረች። በ1822 እ.ኤ.አ. በቦርዶ ተወለደች፤ ባል አላገባችም። እንስሳትን ለመሣል ወደ ከብት ገበያና ወደ ቄራ መግባት ነበረባት፤ በረጅም ቀሚስ ደግሞ አይቻልም። በዚያ ጊዜ በፓሪስ ሴት ሱሪ ለመልበስ የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበርና ፈቃዱን በየስድስት ወሩ እያሳደሰች ለበሰች። «የፈረስ ገበያ» የሚለው ትልቅ ሥዕልዋ ዛሬ በኒው ዮርክ ይታያል። በሥዕልዋ ገንዘብ በፎንቴንብሎ ጫካ አጠገብ በአንዲት መንደር ቤት ገዛች፤ እንስሳት አረባች፤ አንበሳ እንኳ ነበራት። በ1865 እ.ኤ.አ. ንግሥቲቱ ራስዋ ቤትዋ ድረስ ሄዳ የክብር ኒሻን ሰጠቻት። ሮዛን ከሐሜት ያዳናት ምን ነበር? ሐሜቱማ አልቀረላትም። የምትበላው ግን የራስዋ ነበር፤ ዕርፍዋ ብሩሽዋ ነበር፤ ብሩሹንም ለእኩል አራሽ አልሰጠችም።

«ሁሉም ሴት እንዳንቺ ብታስብ አገር ይጠፋል» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ ዐውቃለሁ። እኔ ጋብቻን አልነቅፍም። ወላጆቼ በትዳር አሳድገውኛል፤ እኔም አገባ ይሆናል። የምለው፣ «አላገባም» ማለት የማትችል ሴት «አገባለሁ» ስትል ቃልዋ ሙሉ አይሆንም ነው። እምቢ የማለት በር የተዘጋበት ቤት ውስጥ እሺታ ምን ዋጋ አለው? ሃይማኖታችንን የሚያነሣ ሰው ካለም፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው አንደኛ መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ ያላገባችን ሴት ጉድለት እንዳለባት ሳይሆን አሳብዋ እንዳልተከፈለ አድርጎ እንደሚቈጥራት ያንብብ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ንግግር አድርጎ፣ አስጨብጭቦ መበተን የተማሪ ልማድ ሆኖአል። እኔ ሦስት ነገር ብቻ አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ የሚሆን ነው። በየዓመቱ ክረምት ወደ ቤትዋ ሄዳ በመስከረም የማትመለስ ሴት ተማሪ አለች። «ተዳረች» ብለን ስቀን ስምዋን እንሰርዛለን። ማኅበራችን ያልተመለሰችውን እኅት በደብዳቤ ይጠይቅ፤ ካስፈለገም አገርዋ ያለ ተማሪ ሄዶ ያነጋግራት። በፈቃድዋ ከሆነ መልካም ጋብቻ እንመኝላት፤ ካልሆነ ግን የሚጠይቃት እንዳለ ትወቅ።

ሁለተኛ፣ በየአገራችን የሚሆን ነው። ከእኛ መካከል የዕድርና የማኅበር ጸሐፊ ሆኖ አባቱን የሚረዳ ብዙ አለ፤ ማንበብና መጻፍ ስለምናውቅ መዝገቡን የምንጽፈው እኛ ነን። ያላገባች ሴትን በወንድምዋ ስም ሥር ሳይሆን በራስዋ ስም እንጻፋት። ወንዶች ወንድሞቼ ደግሞ ክረምት ስትገቡ በወንፈሉ ላይ የእርስዋን ማሳ አንድ ቀን ጨምሩ፤ እርስዋም በምትችለው፣ በፈትልዋም ሆነ በጠላዋ፣ ብድርዋን ትመልሳለች። ዕርፉንም ልጨብጥ የምትል ሴት ብትገኝ፣ እባካችሁ ለማየት አትሰብሰቡ።

ሦስተኛው ከሁሉ ቀላል ነው፤ ከሁሉም ከባድ ነው። ያን ቃል እንተወው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የሠራ ሰው አንድ ቀን ጣርማ በር ገበያ ወርዶ ያቺን ሴት በግ ስትሸጥ ቢያያት ተረቱን ያሻሽለው ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያምን በሬዲዮ ስንሰማ የምንኮራ ሰዎች፣ ከሬዲዮው ፊት ተነሥተን ስንወጣ በመንገድ ያገኘናትን ሴት «እብድዋ መጣች» የምንል ከሆነ፣ ኩራታችን ለሙታንና ለሩቅ አገር ብቻ ነው ማለት ነው።

ክቡራን መምህራን፤ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በንግግሬ መጀመሪያ ስለ ሳቃችሁ ተናግሬ ነበር። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ አሳቤን የሚቃወም ቢኖርም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ ለምናችኋለሁ፤ ስለዚህች ሴት ስንከራከር አባትዋን ወይም ወንድምዋን ሳይሆን እርስዋን እንደምንጠይቅ ሆነን እንከራከር።